ምዕራፍ አንድ የማን ነው?

ሰኞ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2005

ዝናብ። ጠዋት ሁለት ማመልከቻ፣ አንድ የኪራይ ውል፣ አሥራ አንድ ፎቶ ኮፒ። አንድ ሰውዬ ለሥራ ሊወዳደር የሕይወት ታሪኩን አስተየበኝ። "ባዶ መሰለ፤ እባክሽ ትንሽ አወፍሪው" አለ። ፊደሉን ከአሥራ ሁለት ወደ አሥራ አራት አሳደግኩለት። ሁለት ገጽ ሞላ። መርቆኝ ሄደ።

ምሳ ሰዓት ላይ አባባ በርበሬ ከሚሸጥበት ተራ መጣ። ይህን የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከከፈትኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድ ቀን እግሩን አስገብቶ አያውቅም። በር ላይ ይቆማል፣ ጃንጥላውን አያጥፍም፣ የሚለውን ብሎ ይሄዳል።

"ናጃህ ደውሎ ነበር።"

ናጃህ ታላቅ ወንድሜ። መርካቶ የጨርቅ ሱቅ አለው። የሚታመን ሰው ይፈልጋል። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩም... አውቃለሁ።

"እስከ አረፋ እንይ። ይህ ቤትሽ አንድ ቁም ነገር ካላሳየን፣ ናጃህ ለአረፋ መጥቶ ሲመለስ አብረሽው ትሄጃለሽ።"

"ቁም ነገር ስትል፣ አባባ?"

"ሰው የሚያወራለት ነገር።"

ሄደ። አረፋ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለት ወር። ጨርቅ መሸጥ ነውር የለውም። ግን ኮምፒውተር ተምሬ መጥቼ በክንድ ስለካ ልዋል? አልፈልግም። አልፈልግም፣ አልፈልግም። ሦስት ጊዜ ብጽፈው ማን ይከለክለኛል?

ረቡዕ፣ ነሐሴ 8

ሦስት ሽማግሌ በአንድ ጃንጥላ ገቡ። ሼህ ጀማሉ ከላይ መንደር፣ አቶ ባዩ ከመሃል መንደር፣ ሐጂ ሙስተፋ ከወንዝ ማዶ። ያልረጠቡት መሃል የነበሩት አቶ ባዩ ብቻ።

ሦስቱ መንደሮች የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመው የሠሩት ድልድይ አለ። አሁን ታሪኩ መጽሐፍ ይሁን ተብሏል። እያንዳንዳቸው የመንደራቸውን ታሪክ በደብተር ጽፈው አምጥተዋል። የሐጂን እሳቸው እየተናገሩ ልጃቸው ናት የጻፈችው። አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤት የተዘጋጀ ፋይል እስከ መስከረም 6 እፈልጋለሁ ብሏል። ምረቃው መስከረም 19፣ እሑድ፣ ለመስቀል አገሩ የገባው ሰው ሳይመለስ።

"ትችያለሽ?" አሉኝ ሼህ ጀማሉ።

"ኢንሻአላህ" አልኩ። ቁም ነገር በእግሩ መጣ!

ሻይ በወተት አዘዝኩላቸው። አቶ ባዩ የፍልሰታ ጾም ላይ ናቸው፤ ብርጭቋቸውን ወደ ሐጂ ገፉት። ሐጂ ሁለቱንም ጠጡ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14

ትየባው አለቀ። የሠራሁት በላቴክ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን ያስለመደን የመጽሐፍ ማቀናበሪያ። ጎረቤቴ ሩቲ፣ ፎቶ ቤት ያላት፣ በትእዛዝ ምልክት የተሞላውን ስክሪኔን አይታ "ቴሌግራም ነው እንዴ የምትልኪው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሲጻፍ አያምርም። የሚያምረው ሲታተም ነው።

ረቂቁን አትሜ ሽማግሌዎቹን ጠራሁ። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በደማቁ፣ "ቻፕተር 1"። አላየሁትም ነበር! ሼህ ጀማሉ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ቻፕተር የሚባል መንደር የለንም።"

ሐጂ ደግሞ ረቂቁን ከኋላ ገለጡት። የተማሩት ቁርኣን ቤት ነው፤ መጽሐፍ ከቀኝ ነው የሚጀምርላቸው። የወንዝ ማዶን ስም አዩና ፊታቸው በራ። "ማሻአላህ! እኛን አስቀድማናለች።" አቶ ባዩ ቀስ ብለው ገለበጡላቸው። የሐጂ ፊት መልሶ ጨለመ።

አባባም እንደዚያ ነው። የአማርኛ ፊደል በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቆጥሯል፣ ስም ለማንበብ ያህል። መጽሐፍ ሲሰጡት ግን እጁ ወደ ኋላው ነው የሚሄደው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 15

ቀኑን ሙሉ ከርዕስ ጋር ስታገል ዋልኩ። ላቴክ ቻፕተር የሚለውን ቃል ከየት እንደሚያመጣው ፈልጌ አገኘሁትና "ምዕራፍ በል" አልኩት። ቁጥሩን ፩፣ ፪፣ ፫ አስደረግኩት። ግራ ዳር ተለጥፎ ነበር፤ መሃል አመጣሁት። ከሥሩ ቀጭን መስመር። አንዴ ተሳስቼ ፊደሉን ከመጠን በላይ አገዘፍኩትና "ምዕራፍ" ብቻውን ገጹን ሞላው፣ ቁጥሩ የሚቀጥለው ገጽ ላይ ተፈናጠረ። ብቻዬን ስስቅ ፎቶ ኮፒ ፈላጊው በር ላይ ቆሞ ያየኛል... መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ።

የዚህ ነገር ደስ የሚለኝ ምኑ ነው? በየርዕሱ እየዞርኩ አላሳምርም። ፋይሉ አናት ላይ አንድ ጊዜ "የምዕራፍ ርዕስ እንዲህ ይሁን" እለዋለሁ፤ ሁሉም ይታዘዛል። ቁጥሩንም ራሱ ይቆጥራል። ሽማግሌም በአንድ መስመር የሚታዘዝ ቢሆን!

ዓርብ፣ ነሐሴ 17

አይታዘዝም።

ከጁምዓ በኋላ መጡ። "ምዕራፍ ፩" አምሯል አሉ። ሦስቱም አሉ። ከዚያ ሐጂ ዝግ ብለው ጠየቁ፦ "ላይ መንደር ምዕራፍ ፩ የሆነው በምን ምክንያት ነው?"

"ደብተሮቹ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ነው፣ ሐጂ።"

"ማን አስቀመጣቸው?"

ሼህ ጀማሉ ጣራ ጣራውን አዩ። አለቀ። አንድ ሰዓት ሙሉ ማን መጀመሪያ ድንጋይ አነሳ፣ ማን ዘግይቶ መጣ፣ የማን በሬ ወንዝ ወሰደው... ሳይስማሙ ወጡ። በሩ ላይ ሦስቱም ቀድሞ ለመውጣት ተጋፉ። እውነቴን ነው፣ ትከሻ ለትከሻ!

ሰኞ፣ ነሐሴ 20

ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ቁጥሩን አጠፋሁት። የመንደር ስም ብቻ። አንድ መስመር ነው የቀየርኩት። ስጠራቸው "አሁንስ ምን ይላሉ?" እያልኩ ነበር።

አቶ ባዩ የድሮ ግንበኛ ናቸው። ከኪሳቸው ሜትር አወጡ! ርዕሶቹን ለኩ። ቁመታቸው እኩል። ስፋታቸው ግን፣ "ወንዝ ማዶ" አጭር ስም ስለሆነ፣ በአንድ ጣት አነሰ። ሐጂ ቅር አላቸው። "ድሮም አጠገባችን ያለ ሰው እንደሚያሳንሰን አውቃለሁ።"

"ሐጂ፣ ስሙ ነው አጭሩ።"

"ታዲያ ወርዱን ሳቢው።"

ሼህ ጀማሉ ደግሞ፦ "ቁጥር ቢጠፋም መጀመሪያ የሚገለጥ ገጽ አይጠፋም።" ቁጥሩን መለስኩት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 24

ይህ ሳምንት ለብቻ ለብቻ የመምጫ ሆነ። ረቡዕ ሼህ ጀማሉ፣ ትናንት አቶ ባዩ፣ ዛሬ ሐጂ።

ሼህ ጀማሉ፦ "ወንዝ ከየት ነው የሚመጣው? ከላይ። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ወንዙ ነው።"

አቶ ባዩ፦ "ቤት ሲሠራ ምሶሶ የት ይቆማል? መሃል። ከምን ይጀመራል? ከምሶሶ። በቃ።"

ሐጂ፦ "እኛ ማዶ ባንሆን እነሱ ድልድይ ምን ያደርግላቸው ነበር? ወላሂ፣ ድልድዩ የተሠራው ለኛ ነው።"

ሦስቱም ልክ ናቸው እኮ! ሦስቱም ሲወጡ ደግሞ ድምፃቸውን ቀንሰው አንድ ነገር አሉኝ፦ "ለነዚያ እንዳትነግሪ፤ ይከፋቸዋል።"

መስከረም 6 እየመጣ ነው። ሽማግሌ ካልተስማማ ማተሚያ የለም፣ ማተሚያ ከሌለ መርካቶ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 25

አደረግኩት። ያ ረቢ፣ አደረግኩት...

ሦስት ቅጂ አተምኩ። በአንዱ ምዕራፍ ፩ የላይ መንደር። በሁለተኛው መሃል መንደር። በሦስተኛው ወንዝ ማዶ። ሥራው ምንም አይደለም፤ አንድ መስመር ወደ ላይ ማንሳት ብቻ። ርዕሱ ተከተለ፣ ቁጥሩ ተከተለ፣ ማውጫው ተከተለ።

ለእያንዳንዳቸው መንደራቸው የቀደመበትን፣ ለየብቻ ሰጠኋቸው፣ በተለያየ ሰዓት። ሼህ ጀማሉ ኩታቸው ሥር ከተቱት። አቶ ባዩ በጋዜጣ ጠቀለሉት። ሐጂ አሁን በትክክለኛው በኩል ነው የገለጡት! ሦስቱም ቅጂያቸው ላይ "ይታተም" ብለው ፈረሙ።

ሩቲ ስትሰማ አፏን ይዛ ተቀመጠች። "አንቺ ሸይጣን! ቢገናኙስ?"

"ማን ያሸነፈ ሰው ላልቀናው ወንድሙ ያሳያል? ይሉኝታ ይይዛቸዋል።"

"የትኛውን ነው ታዲያ የምትልኪው?"

እሱን አላሰብኩበትም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 29

አንድ ነገር እየሆነ ነው።

ሩቲ ሽማግሌዎቹን መናኸሪያ አይታቸው መጣች። ሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ አንድ ቦታ ነበር። "ሐጂ ይግቡ።" "የለም፣ አቶ ባዩ ይግቡ።" "ኧረ ሼህ ጀማሉ እያሉ!" "በሞቴ!" "በልጆቼ!" ረዳቱ ሰለቸውና ጋቢናውን ሌላ ሰው አስገባበት። መኪናው ሄደ። ሦስቱም እዚያው ቆመው ቀሩ፣ ፈገግ እንዳሉ።

እዚህ በር ላይ የተጋፉት ሰዎች ናቸው እነዚህ?

እሑድ፣ ጳጉሜ 3

አባባ ቤት ሲነግረን ጆሮዬን አላመንኩም። ሼህ ጀማሉ የአቶ ባዩን እንሰት የሚያጠላውን ባሕር ዛፍ አስቆረጡ። ስድስት ዓመት የተካሰሱበትን! ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ራሳቸው ሰው ቀጥረው። አቶ ባዩ ደግሞ የሐጂን የተሰነጠቀ ግድግዳ በነጻ ጠግነዋል። ሐጂ ለሁለቱም ማር ልከዋል።

"ምን ነካቸው?" ይላል አባባ።

እኔ ነኛ የነካኋቸው። አሁን ገባኝ። እያንዳንዱ እኔ አሸነፍኩ ብሎ ያምናል። ሌሎቹ ሁለቱ ሳያውቁ ተበለጡ ብሎ ያዝንላቸዋል። ስለዚህ ይክሳቸዋል...

ቀኑን ሙሉ ሳቅኩ። ማታ ላይ ግን ሳቁ ቀረ። የሰጠኋቸው ውሸት ነው፣ የሰጡት ግን እውነት ነው። ዛፉ በእውነት ተቆርጧል። ሲያውቁስ?

ሐሙስ፣ መስከረም 2 ቀን 2006

አወቁ።

ዓመት በዓሉ ረቡዕ ዋለና ጾም ስለሆነ አቶ ባዩ ግብዣቸውን ዛሬ አደረጉት። ሁለት በግ፤ አንዱን ለሙስሊሞቹ እንግዶች ብለው በሐጂ እጅ አሳረዱ። ሰባት ሰዓት ላይ ስልክ መጣ። "ቶሎ ድረሺ።" ሌላ ቃል የለም። ሩቲ አልቀርም ብላ ተከተለችኝ።

ስገባ ሦስቱ ቅጂዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ምዕራፍ ፩። ምዕራፍ ፩። ምዕራፍ ፩።

የሆነው እንዲህ ነው። ከምሳ በኋላ አቶ ባዩ ሊያጽናኑ ፈልገው "ምዕራፍ ሦስት ቢሆንም የሐጂ ታሪክ ከሁላችንም ይበልጣል" አሉ። ሐጂ ደግሞ "ምን ሦስት?" አሉ። ሦስቱም ቅጂያቸውን ከየቤታቸው አስመጡ። አለቀ።

እግሬን አየሁ፤ በነጠላ ጫማ ነው የመጣሁት።

"እውነተኛው የትኛው ነው?" አሉ ሼህ ጀማሉ።

"ሦስቱም ናቸው። የምቀይረው አንድ መስመር ነው።"

"የምትልኪውስ?"

"አላውቅም።" አልኩ። "አትስማሙም ነበር። ካልተስማማችሁ መጽሐፍ የለም፣ እኔም መርካቶ ነኝ። ፈራሁ።"

አቶ ባዩ ፊታቸውን አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አለቀሱ ወይስ ሳቁ? ሐጂ ግን ተቆጡ። እንዲያ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። "በኛ ሽበት ላይ ተጫወተች! መጽሐፉን እዚያው አዲስ አበባ ይሥሩት!" ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። በሩ ላይ "ቅደም" የሚላቸው አልነበረም።

ዓርብ፣ መስከረም 3

ማንም አልመጣም። ፎቶ ኮፒ እንኳ።

አባባ በር ላይ ቆመ። ዛሬ ጃንጥላ አልያዘም። "ሰው የሚያወራለት ነገር ስል ይህን ማለቴ ነው?" ገበያው ሁሉ ሰምቷል። "ለናጃህ እደውላለሁ" አለ። አልተከራከርኩትም።

አፈርኩ። አባባን ሳይሆን ሐጂን። ያን ማር አስቤ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 4

ጠዋት የመደርደሪያውን ወረቀት ካርቶን ውስጥ ሳስገባ "አሰላሙ አለይኩም" የሚል ድምፅ። ሼህ ጀማሉ። ከኋላቸው አቶ ባዩ። ከእሳቸው ኋላ... ሐጂ፣ ፊታቸውን እንዳኮሳተሩ።

ተቀመጡ። ሼህ ጀማሉ ጀመሩ፦

"ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተናድጄ አይደለም። ሳስበው፣ ባዩ በአርባ ዓመት ውስጥ በር ላይ 'ቅደም' ብሎኝ አያውቅም። እኔም ብዬው አላውቅም። በዚህ ሁለት ሳምንት ስንት ጊዜ ተባባልን?"

"ዛፉም ተቆርጧል፤ መልሼ አልተክለውም" አሉና ሳቁ።

"ስለዚህ ፈርደናል። ውሸትሽ ይታተም። ሦስቱም ዓይነት፣ መቶ መቶ። ግን የላይ መንደር ሰው የመሃል መንደር የቀደመበትን ይወስዳል። መሃል መንደር የወንዝ ማዶን። ወንዝ ማዶ የኛን። ሰው በራሱ እጅ ባለ መጽሐፍ ሌላውን ያስቀድም።"

ማልቀስ ጀመርኩ። ሐጂ ከዘራቸውን መሬት መቱ።

"አታልቅሺ፤ ገና ቅጣትሽ ይቀራል! ሰው 'መጽሐፌ ተዘበራረቀ' ብሎ ሲናደድ ማንን ይጠይቅ? ስምሽ ይጻፍ። በሦስቱም ላይ፣ መጨረሻው ገጽ፣ ብቻውን። ጥፋተኛዋ ትታወቅ።"

"እሺ፣ ሐጂ።"

"በትልቁ!" አሉ። ከዚያ እንደ መሳቅ አሉ መሰለኝ፤ ጺማቸው ሸፈነብኝ።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆሙ። "ቅደም።" "የለም፣ አንተ ቅደም።" ደንበኛ ውጭ ቆሞ ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩ። ዕድሜ ልካቸውን እዚያ ቢቆሙ አልጠላም ነበር።

ሰኞ፣ መስከረም 6

ሦስት ፋይል ላክሁ። ማተሚያ ቤቱ ደወለ፦ "ምዕራፎቹ የተለያዩ ናቸው፣ ስህተት ነው?" "ፍርድ ነው" አልኩት።

አባባ እስካሁን ዝም ነው። የናጃህ ነገርም አልተነሳም፣ አልተነሳም ማለት ግን ቀረ ማለት አይደለም። ሽማግሌ ይቅር ብሎኛል፤ አባባስ?

እሑድ፣ መስከረም 19

ድልድዩ አጠገብ ድንኳን ተተከለ። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ብዛት! መጽሐፎቹ በሦስት ክምር። መጀመሪያ ግርግር ሆነ፤ "የኛ የት አለ? ለምን የነሱ ቀደመ?" ሐጂ ድምፅ ማጉያውን ያዙና "ጥፋተኛዋ መጨረሻ ገጽ ላይ አለች!" አሉ። ሁሉም መጨረሻውን ገለጠ። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። አቶ ባዩ ቆመው የወንዝ ማዶን ምዕራፍ ፩ አነበቡ። ወንዝ በሬውን የወሰደበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ሐጂን አዩ። በሬው የሐጂ አባት በሬ ነበር። ሐጂ ዓይናቸውን በኩታቸው ጠረጉ።

አባባ ድንኳኑ ጥግ ቆሞ ነበር። ውስጥ አልገባም፣ እንደ ልማዱ። አንድ መጽሐፍ ይዤ ሄድኩ። የትኛውን ዓይነት እንደሆነ እንኳ አላየሁም።

ተቀበለኝ። እጁን ጠረገ። ከቀኝ በኩል ገለጠው።

ቆመ። ጣቱን አስቀመጠ። ፊደል በፊደል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፦ "ሰ... ፍ... ያ..." ከዚያ ጣቱ ወደሚቀጥለው ቃል ሄደች። "ከ... ማ... ሉ።"

ከኔ ስም ቀጥሎ የራሱ ስም። ታትሞ አይቶት አያውቅም፤ መታወቂያው ላይ ያለው እንኳ የእጅ ጽሑፍ ነው። ደጋግሞ አነበበው። እኔ እንባዬን እንዳያይ መጥፋት ነበር የምፈልገው፤ በጣም ነው የምወደው።

ከዚያ ወንበሮቹን አልፎ ድንኳኑ መሃል ገባ፣ ተቀመጠ፣ ስልኩን አውጥቶ ለናጃህ ደወለ። ሲደውል ይጮኻል፤ ሁሉም ሰማው።

"ናጃህ! ሌላ ሰው ፈልግ። እህትህ ሥራ አላት። መጽሐፉ ላይ ወጥታለች፣ ኧረ እኔም አለሁበት! የት? ገና ሲገለጥ ነዋ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ!"

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ስንት ምዕራፍ ሳቀያይር የከረምኩ ሰው፣ ይቺን አንዷን ባለችበት ተውኳት።